ቀያሹ የደበቁት ሳጥን

በሦስት ሰፈር ያሉ በሮች ሁሉ በአንድ ቃል ይከፈቱላታል። «ማነው?» ሲሏት «ቆጣሪ!» ትላለች፤ አለቀ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የብረት ክዳኑን ታነሣለች፣ ሸረሪቱን በመጥረጊያ ትገፋለች፣ መስታወቱን በአውራ ጣቷ ወልወል ታደርግና የውሃውን ቁጥር ትጽፋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ስለኖረች ሰዉ ስሟን ትቶ ቆጣሪዋ ብሎ ነው የሚጠራት። እሷም ለምዳዋለች፤ እንዲያውም በዚህ ሲጠሯት ቶሎ ትዞራለች።

ሥራው ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው። እሷ ግን ቁጥር አንብባ ብቻ የምትመለስ ሰው አይደለችም። ሰው ከክዳን ሥር ምን ምን እንደሚደብቅ ማየት ነፍሷ ነው። ትርፍ ቁልፍ አግኝታለች፣ ሚስት እንዳታየው የተሸጎጠ ሲጋራ አግኝታለች፣ አንድ ጊዜማ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘች። የማን ይሆን? ባለቤቱስ አሁን በምን እያኘከ ነው? ስትል ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስል ሰነበተች። መጠየቅ አማራት፤ ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል? እስከ ዛሬ በዚያ በር ስታልፍ የቤቱን ሰዎች አፍ አፋቸውን ታያለች።

እንዲህ ዓይነቷን ሴት የሳጥን ፍለጋው ጨዋታ ሳያገኛት ቢቀር ነበር የሚገርመው። ያሳያት የሥራ ባልደረባዋ ነው። ሰዎች በየገጠሩ ትንንሽ ሳጥን ይደብቃሉ፤ የደበቁበትን ቦታ ቁጥር በስልክ መተግበሪያ ላይ ያወጣሉ፤ ሌላው ቁጥሩን ተከትሎ ሄዶ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይፈርማል፣ አንድ ነገር ወስዶ አንድ ነገር ይተካል፣ ሳጥኑንም እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። ሽልማት የለውም።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አላት ታላቅ ወንድሟ። ፋርማሲስት ነው፤ የማይጠቅም ነገር መደርደሪያው ላይ አያስቀምጥም።

«አባባን ከወንበራቸው ያስነሣል» አለችው።

ነገሩ እውነት ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። መንገድ ከመጠረጉ፣ ግድብ ከመገደቡ በፊት ቀድመው ሄደው መሬቱን ሲለኩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን የለኩት ነገር ቢኖር ከሳሎኑ ወንበር እስከ አልጋቸው ያለውን ርቀት ነው። ቆጣሪዋ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ጫማቸውን ፊታቸው አስቀመጠች። «ሰው የደበቀውን መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው» ብለው አጉረመረሙ። ጫማውን ግን አጠለቁ።

መኪናዋ እፍኝ አትሞላም። ዳገት ላይ ስትደርስ አባቷ በሩን ያዝ አድርገው «ልውረድላት?» ይላሉ። የመጀመሪያው ሳጥን ከአንድ አሮጌ የባቡር ድልድይ ሥር የተሸጎጠ የሻይ ቆርቆሮ ነበር፤ ውስጡ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ የአሻንጉሊት መኪና ጎማና ጠርዙ የረጠበ ደብተር ተገኘ። አባቷ የሰዓቱን ጀርባ በጥፍራቸው ከፍተው ለረጅም ጊዜ ሲመረምሩት ቆዩ። ከዚያ «የሚቀጥለው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አሏት።

እንዲህ ተጀመረ። በየቅዳሜው ስንቃቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። እሷ ትነዳለች፤ እሳቸው በመስኮቱ መሬቱን ያነባሉ። «ይሄ መንገድ እዚህ ጋ ለምን እንደታጠፈ ታውቂያለሽ? ከሥር ምንጭ ስላለ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፍኩት» ይላሉ። ሐይቁ ቁልቁል የሚታይበት አንድ ገደል አፋፍ አለ፤ እዚያ ሁልጊዜ ይቆማሉ፤ ሁልጊዜም አባቷ አውራ ጣታቸውን ዓይናቸው ፊት ዘርግተው የማዶውን ዳርቻ ርቀት ይገምታሉ። እሷ በስልኳ ታረጋግጣለች። አንድም ቀን ከሃያ ሜትር በላይ ስተው አያውቁም።

በዓመቱ አባትዬው ሌላ አመል አመጡ። «የሰው ሳጥን መፈለግ ይበቃኛል። እኔም እደብቃለሁ» አሉ። የት እንደሆነ እንኳ ለልጃቸው አልነገሯትም። አንድ ሐሙስ በአውቶቡስ ብቻቸውን ሄደው፣ በአሮጌው መንገድ በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ ደብቀው ተመለሱ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር፤ ፊታቸው ግን ያበራ ነበር። ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ሰጧት። ቁጥሩ በዚያ ቀጥ ባለ የቀያሽ ጽሕፈታቸው ተጽፏል።

«ስልኩ ላይ አስገቢው። ደግሞ በትክክል ገልብጪ።»

«አባባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁጥር ስገለብጥ ነው የኖርኩት!» አለች ቅር ብሏት። እዚያው ፊታቸው አስገባችው።

የመጀመሪያው ፈላጊ በሳምንቱ ሄደ። «አላገኘሁም» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውም አላገኘም። በወሩ ስድስት ሰው ሆኑ። አንዱ «ባለቤቱ ረስቶት ቤቱ ትቶት ይሆናል» ብሎ ስቆ ጻፈ። ቆጣሪዋ ይህችን ለአባቷ አላነበበችላቸውም። ደግነቱ እሳቸው ገና አልተጨነቁም ነበር። «መፈለግ አይችሉበትም። ቁጥሩን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቁጥሩ ላይ ነው ያለው» ይላሉ። ትንሽ ፍንጭ ይስጡ ብትላቸው እንቢ አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ቁጥር ብቻ ሰጥተው ሰው መንገድ ሠርቶበታል፤ አሁን ምን ተገኝቶ ነው ፍንጭ የሚሰጡት?

ወንድሟ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ነበር የሚያየው። አንድ ማታ ደወለላት።

«አባባ እየረሱ ነው።»

«ማን አለህ?»

«ማንቆርቆሪያውን ጥደው ረስተው አክስለውታል።»

«ማንቆርቆሪያ ያላከሰለ ማን አለ? ባለፈው ቤትህ ሻይ ስትጋብዘኝ የጠጣሁት ምን ነበር፣ አመድ አይደል?»

አልሳቀም። «ቱምቢያቸውስ?»

ቱምቢው በክር ተንጠልጥሎ ችካል ቀጥ ማለቱን የሚለኩበት ሾጣጣ ነሐስ ነው፤ አባቷ ከመጀመሪያ ሥራቸው ጀምሮ ከኪሳቸው ለይተውት አያውቁም። አሁን ቤት ውስጥ የለም። የት ሄደ ሲባሉ «ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ» ይላሉ። ሳጥኑ የት አለ? አልተገኘም። ወንድሟ ይህን ሁሉ እንደ መድኃኒት ማዘዣ አንድ በአንድ አነበበላት። በወሩ መጨረሻ እሑድ ፒካፕ ይዞ ይመጣል፤ አባባ እሱ ጋ ከጓሮ ባለው ክፍል ይኖራሉ፤ ቤቱ ይከራያል። ብቻቸውን መኖር አይችሉም።

«እሳቸው እሺ አሉ?»

«አላሉም። ግን አንድ ነገር ብለውኛል። ‹ሳጥኑ ከሌለ እሄድልሃለሁ› ብለዋል።»

ስለዚህ ቆጣሪዋ በማግስቱ ቅዳሜ አባቷን ይዛ ሄደች። ጉልበታቸው ከዚያ የሐሙስ ጉዞ ወዲህ አብጦ በከዘራ ነው የሚራመዱት። አሮጌውን መንገድ እንዳይሄዱበት የክረምቱ ጎርፍ የመንገዱን ድልድይ ወስዶታል፤ ዞረው በአዲሱ አስፋልት ነው የመጡት። ስልኩ «ደርሰዋል» ያለበት ቦታ ሜዳ ላይ የቆመ የጥድ ጫካ ነው። አባቷ ከመኪናው ወርደው ዙሪያውን አዩ።

«እዚህ አይደለም» አሉ።

«ቁጥሩ እዚህ ነው የሚለው።»

«ችካሉስ? የሲሚንቶ ችካል አለ፤ ጎረምሳ ሳለሁ ራሴ ነኝ የተከልኩት። አጠገቡ ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ። ሳጥኑ ስንጥቁ ውስጥ ነው።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለገች። ከጥድ ወደ ጥድ ሮጠች፣ ቅጠሉን በእጇ ዛቀች፣ ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ ገባ። ድንጋይ የሚባል ነገር የለም፤ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። ስትመለስ አባቷ የመኪናውን በር ይዘው ቆመዋል። ፊቷን አይተው አልጠየቋትም።

ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገሩት። «ምናልባት… ለመደበቅ አስቤ ሳልደብቅ ተመልሼ ይሆናል። ችካሉን ያየሁት ድሮ ነው፤ በቅርብ ያየሁት መሰለኝ። ሰው እንዲህ ይሆናል እንዴ?»

ሐይቁ የሚታይበት አፋፍ ሲደርሱ ፍጥነቷን ቀነሰች። «አትቁሚ» አሏት። ማታውኑ ወንድ ልጃቸውን ጠርተው የቤታቸውን ቁልፍ አስረከቡት። «እስከ እሑድ ትርፉ ይበቃኛል» አሉት። ቆጣሪዋ ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ነገሩ ግን አልዋጥ አላት። ከሁሉ በላይ ያልተዋጠላት ጭቃው ነው። ያን ሐሙስ ሱሪያቸው ላይ የነበረው ጭቃ ነጭ ነበር፤ ራሷ ናት ያጠበችው። ጥፍሯ ውስጥ የገባው የጥዱ ሜዳ አፈር ደግሞ ቀይ ነው። አባባ አንድ ቦታ ሄደዋል፤ ታዲያ የት ነው የሄዱት?

ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሰች። ባለ ዳቦ ቤቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የጠበቀቻት። ባለፈው ወር ቆጣሪዋ ፈቃድ ላይ ሳለች ተተክቶ ያነበበው ሰው ጉድ ሠርቷታል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ እዚህ ዳቦ ነው የምጋግረው ወይስ ሐይቅ ነው የምሞላው?»

ቆጣሪዋ ክዳኑን አንሥታ የሂሳብ ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር አስተያየችና ሳቀች። «አይዞሽ፣ ይስተካከላል። አየሽ፣ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሙሉ ሜትር ኩብ ናቸው። ቀዮቹ ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ሽርፍራፊ ነው። ልጁ ቀዩንም እንደ ጥቁሩ አንብቦታል። ቁጥሩን አልተሳሳተም፤ የቁጥሩን ቤት ነው የተሳሳተው…»

እዚህ ላይ አፏን ከፍታ ቀረች። ክዳኑን እንደያዘች ቆመች።

«ምነው? ምን ሆንሽ? ሌላ ጥርስ አገኘሽ እንዴ?» አለቻት ሴትየዋ፤ ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ቆጣሪዋ ወደ መኪናዋ ሮጣ የፊቱን ኪስ ከፈተች፤ ከአሮጌ ደረሰኝና ከማስቲካ ልጣጭ ሥር የአባቷን ወረቀት አወጣች። ሠላሳ አራት፣ ከዚያ ሠላሳ። ከመጨረሻው ቁጥር አናት ላይ ሁለት ደቃቅ ጭረቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በታችኛው መስመርም እንደዚሁ። ያኔም አይታቸዋለች። እስክሪብቶው ተንሸራቶ ነው ብላ አልፋቸዋለች።

የድሮ ቀያሽ የቦታን ቁጥር የሚጽፈው በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ነው፤ ልክ እንደ ሰዓት፣ ደቂቃው ስድሳ ሰከንድ አለው። ከሰከንድ በታች ያለውን ደግሞ አባቷ ‹ሰው በዓይኑ ይፈልግ› ብለው ትተውታል። ሁለቷ ጭረት «ይህ ሰከንድ ነው» ማለት ነች። ስልኩ ግን ደቂቃውን ከመቶ ነው የሚቆርጠው። እና እሷ ሠላሳ ሰከንዱን፣ ማለትም ግማሽ ደቂቃውን፣ ከመቶ ሠላሳ አድርጋ አስገባችው። የዳቦ ቤቱ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ አሰላችው። ልዩነቱ አራት መቶ ሜትር ገደማ ይመጣል።

አባቷ አልረሱም። እሷ ናት ያሳሳተችው። ስድስት ሰው ያንከራተተችው እሷ ናት፤ አባቷንም ያንን ጥያቄ ያስጠየቀቻቸው እሷ ናት። መሪውን ይዛ አለቀሰች። ባለ ዳቦ ቤቷ ደንግጣ ትኩስ ዳቦ ይዛ ወጣች።

ወዲያው ልትደውልላቸው ስልኩን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው። አሁንም ተሳስታ ቢሆንስ? ወይም ሳጥኑን ጎርፍ ወስዶት ቢሆንስ? ሁለተኛ ጊዜ ቅስማቸውን መስበር አልቻለችም። ሳምንቱን ምላሷን ነክሳ ሰነበተች። ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ቤት ስትደርስ ካርቶኖች በር ላይ ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ ርዝመትና ስፋቱ ተጽፎበታል።

«እንንሸራሸር አባባ።»

«ዛሬ አይሆንም። ነገ ወንድምሽ ይመጣል።»

«ለነፋሱ ብቻ። ደግሞ ከሄዱ በኋላ እንዲህ አይመቸንም።»

አንጀታቸው አልቻለም፤ መጡ። የጥዱን ሜዳ ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ግን አልቆመችም፤ ትንሽ አለፍ ብላ በስተግራ ያለው ተረተር ሥር አቆመች። «መጣሁ» ብላቸው ወጣች። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ከጥቂት እርምጃ በኋላ አፈሩ ነጣ፤ መሮጥ ጀመረች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ከማዶ የአሮጌው መንገድ መስመርና የተሰበረው ድልድይ ቁልቁል ታየ። ከዚያ ስልኳን ማየት አላስፈለጋትም። ሣሩ መሃል፣ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ሽበት ያበቀለ የሲሚንቶ ችካል ቆሟል። አጠገቡ ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ።

ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች። ጣቷ ቆርቆሮ ነካ።

ሳጥኑን እዚያው ትታ የውስጡን ብቻ ይዛ ወረደች። አባቷ ጀርባቸውን ለተረተሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ምንም ሳትናገር በመስኮቱ እጇን አስገብታ ቱምቢውን በክሩ አንጠለጠለችው። ነሐሱ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። አባቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስኪረጋ ድረስ ጠበቁት። ሲረጋ በመዳፋቸው ተቀበሉት።

«የት ነበር?»

«ያሉት ቦታ። ስንጥቁ ውስጥ።» ከዚያ እንዳያመልጣት ፈርታ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። «ሁለቷን ጭረት አላየሁም አባባ። አይቻለሁ፤ ግን አልፌያታለሁ። ሰከንዱን እንደ መቶኛ አስገባሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

አባቷ ቱምቢውን በአውራ ጣታቸው ያሹታል።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አሉ በመጨረሻ። ሳቅ ሊሉ ነበር፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ክፋቱ፣ እኔም አምኛችሁ ነበር።»

እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ራሷን ዳበሱ። ከዚያ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠራርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወደ ድሮው ሰውነታቸው ተመለሱ።

«በይ መልሺው።»

«ቱምቢውንም?»

«የሳጥኑ አይደል?»

«ለወንድሜስ ምን እናሳየዋለን? ያለዚህ አያምንም እኮ።»

«ቁጥሩን ስጪው። መጥቶ ይፈልግ። ጻፊ።» ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወረቀት ሳያዩ፣ ሁለቱን መስመር ከዲግሪው ጀምረው አንድ በአንድ ነገሯት። እሷም የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ምንም ሳይሉ ሁለት ጣታቸውን አነሡላት። ሁለቷን ጭረት አጥብቃ ሠራች። ቱምቢውን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ወረደች፤ ሲመለሱም ሐይቁ የሚታይበት አፋፍ ላይ ቆሙ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ፒካፑ አልመጣም። አባትና ልጅ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ስልኩ ጮኸ። ቆጣሪዋ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሃላቸው አስቀመጠችው። መጀመሪያ የተሰማው የሚያለከልክ ሰው ትንፋሽ ነው።

«አባባ» አለ ወንድሟ። «ጫማዬ አለቀ።»

«የት ነህ?»

«ችካሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ቱምቢው እጄ ላይ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቁልፍዎን ማታ ይዤ እመጣለሁ።»

አባቷ ስኒያቸውን በቀስታ አስቀመጡ።

«ደብተሩ ላይ ፈርመሃል?» አሉት።